አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ፦ ስለ ዱካክና ከእንቅልፍ ስንነቃ ስለሚገጥሙን እንግዳ ስሜቶች

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሳነብ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ጣሪያው፣ ደረቴ ላይ ተከፍቶ የወደቀው መጽሐፍ፣ ወንበሩ ላይ የጣልኩት ሹራብ፣ ሁሉም ባለበት ይታየኛል። መጽሐፉን ላነሣ ስል ግን እጄ አልታዘዘኝም። ጣቴን ላንቀሳቅስ ሞከርኩ፤ እሱም እምቢ አለ። ልጮኽ ስል ከትንፋሽ ያለፈ ድምፅ አልወጣኝም። በዚያው ቅጽበት ከራስጌዬ በኩል አንድ ሰው ቆሞ ቁልቁል እያየኝ እንደሆነ አወቅሁ። «መሰለኝ» አላልኩም፤ የተሰማኝ ጥርጣሬ ሳይሆን እርግጠኝነት ነበርና። የአልጋዬ ራስጌ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ መሆኑ፣ ሰው ይቅርና ድመት የሚቆምበት ቦታ እንኳ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ተነሥቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ይህ የደረሰበት አማርኛ ተናጋሪ «ዱካክ ተጫነኝ» ይላል። ሐኪሞች «የእንቅልፍ ሽባነት» ይሉታል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ነገር ስሞች ቢሆኑም የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል፤ አንዱ ማን እንዳደረገው ይናገራል፣ ሌላው ምን እንደተፈጠረ። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ዱካክ የተጫነው ሰው «አየሁ፣ ሰማሁ» የሚለውን በእርግጥ አይቷል፣ ሰምቷልም፤ አልዋሸም፣ አላበደምም። ይሁን እንጂ ላየው ነገር የሚሰጠው ትርጉም ዞሮ ክስተቱን ራሱን ሊያከብደው፣ ሊያረዝመው፣ ምናልባትም ሊያመላልሰው ይችላል። ለዚህ ነው «ማን» እና «ምን» የሚሉትን ጥያቄዎች ለይቶ ማየት የሚያስፈልገው።

በመጀመሪያ «ምን» የሚለውን እንመልከት። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ እንቅልፍ የአንጎል ዕረፍት ብቻ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አዘሪንስኪ እና ናታንኤል ክላይትማን የተኙ ሰዎች ዓይን ከተከደነው ቆብ ሥር በሌሊቱ የተወሰኑ ሰዓታት በፍጥነት ወዲያና ወዲህ እንደሚል፣ በዚያን ጊዜ የተቀሰቀሱትም አብዛኛውን ጊዜ ሕልም ላይ እንደነበሩ አስታወቁ። ይህ የእንቅልፍ ክፍል ዛሬ «ሬም» በሚለው አጠራር ይታወቃል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ በሊዮን ከተማ ድመቶችን ሲያጠና፣ በዚህ ሰዓት የድመቷ የአንጎል ሞገድ የነቃች ያህል እየተጣደፈ ሳለ የአንገት ጡንቻዎቿ ፈጽመው እንደሚዝሉ ተመለከተ። አንጎሉ ንቁ፣ ሰውነቱ በድን የሆነበትን ይህን ሁኔታ እርስ በርሱ የሚቃረን እንቅልፍ ብሎ ጠራው። ዡቬ በዚህ ብቻ አላቆመም፤ በድመቶቹ የአንጎል ግንድ ውስጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ሲጎዳ እንስሶቹ እንቅልፍ ላይ እያሉ እየተነሡ ያደቡ፣ የሌለ ጠላት ያባርሩና ይቧጭሩ ጀመር። ጡንቻን የሚያስረው ገመድ ሲበጠስ ሕልሙ ወደ ተግባር ወጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ሽባነቱ ራሱ በሽታ አይደለም፤ እያንዳንዳችን በየሌሊቱ የምናልፍበት ጥበቃ ነው። ሬም እንቅልፍ ሲገባ ከአንጎል ግንድ የሚነሣ ትእዛዝ ወደ አከርካሪ ወርዶ ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ጸጥ ያሰኛቸዋል፤ በዚህ ሥራ ግላይሲን እና ጋባ የተባሉት ንጥረ ነገሮች ተባብረው እንደሚሳተፉ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ከዚህ እስር የሚያመልጡት ጥቂት ጡንቻዎች ሲሆኑ፣ ዋነኞቹ ዓይንን የሚያዞሩት እና ደረትን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም ናቸው። ዱካክ የተጫነው ሰው ዓይኑን እያንከራተተ ሌላ አካሉን ማንቀሳቀስ የሚሳነው ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው መንቃት እንደ መብራት ማብሪያ በአንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ የሚያበቃ ነገር ስላልሆነ ነው። አካባቢን ማወቅ፣ ጡንቻን መልሶ ማግኘት፣ ሕልምን ማቆም በየራሳቸው መንገድ የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው፤ በአብዛኛው ጊዜ በእኩል ስለሚደርሱ አንድ ይመስሉናል። አንዳንድ ቀን ግን የመጀመሪያው ቀድሞ ይደርስና ሁለቱ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሰውየው ክፍሉን ያያል፣ ማን እንደሆነና የት እንዳለ ያውቃል፤ ጡንቻው ግን ገና አልተፈታም፣ የሕልሙም ማሽን ገና አልጠፋም። ስለዚህ ሕልሙ በራሱ ዓለም ሳይሆን በገዛ ክፍሉ ውስጥ፣ በገዛ ወንበሩና በገዛ መጋረጃው መካከል ይቀጥላል። ቅዠት ይህን ያህል አያስደነግጥም፤ ከቅዠት ብንን ብሎ የነቃ ሰው «ሕልም ነው» ብሎ ይጽናናል። ዱካክ የተጫነው ሰው ግን ይህ መጽናኛ የለውም፤ ነቅቷልና።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያስጨንቀው የደረቱ ነገር ነው። አንድ ከባድ ነገር ተቀምጦበት፣ አንገቱን ታንቆ፣ ትንፋሽ አጥሮት እንደነበር የሚናገረው ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ስሜት «ምናብ ነው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፤ ምክንያቱም ከሥሩ እውነተኛ የሰውነት ሁኔታ አለ። በሬም ጊዜ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት መተንፈስን የሚያግዙ ጡንቻዎች ስለሚዝሉ አየር የማስገባቱ ሥራ በአብዛኛው በድያፍራም ላይ ይወድቃል፤ አተነፋፈሱም አጠር ያለና ወጥነት የሌለው ይሆናል። ለተኛ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ አያውቀውምም። የነቃውና የደነገጠው ሰው ግን በረጅሙ መተንፈስ ይፈልጋል፤ ደረቱን ሊነፋ ይሞክራል፣ ደረቱ አይታዘዝም። አንጎሉ «ተንፍስ» ብሎ አዝዞ መልስ ሲያጣ፣ ከውጭ የሚከለክል ክብደት አለ ብሎ ይደመድማል። አየሩ ግን ከመግባት አላቋረጠም። ድያፍራሙ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ያጣነው አየርን ሳይሆን አተነፋፈሳችንን በፈቃዳችን የማዘዝ ሥልጣንን ነው። ይህን ልዩነት በሰላሙ ጊዜ በሚገባ የተረዳ ሰው በጭንቁ ሰዓት የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

ያ ከራስጌ የቆመውስ? በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲው አለን ቼይን ክስተቱ የደረሰባቸውን ብዙ ሰዎች ምስክርነት ከመረመረ በኋላ ስሜቶቹ በዘፈቀደ የተበተኑ ሳይሆኑ በሦስት ጎራ የሚሰበሰቡ መሆናቸውን አሳይቷል። አንደኛው ሰርጎ ገቡ ነው፤ የሰው መኖር ስሜት፣ የእርምጃ ወይም የበር ድምፅ፣ ጥላ መሰል ቅርጽ። ሁለተኛው አሁን ያነሣነው የክብደትና የመታፈን ስሜት ሲሆን ከመጀመሪያው ጋር ተጎዳኝቶ የመምጣት ጠባይ አለው። ሦስተኛው ከእነዚህ ይለያል፤ መንሳፈፍ፣ መሽከርከር፣ ከአልጋ ተነሥቶ መብረር፣ ወይም ከራስ አካል ወጥቶ የተኛውን ሰውነት ከላይ ማየት ነው። ይህ የመጨረሻው እንደሌሎቹ የሚያስፈራ አይደለም፤ እንዲያውም ደስታ የሰጣቸው ሰዎች አሉ። ሚዛናችንን የሚጠብቀው ሥርዓት ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚጠብቀውን መልእክት ሲያጣ አንጎል ሰውነቱ የት እንዳለ ይጠፋበታል ብሎ መረዳት ይቻላል።

የሰው መኖር ስሜትን በተመለከተ ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ማስረጃ የመጣው ከእንቅልፍ ጥናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በስዊዘርላንድ የኦላፍ ብላንከ የምርምር ቡድን ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና እየተዘጋጀች የነበረች ወጣት ሴት አንጎል ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሰጥ፣ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው አካባቢ በተነካ ቁጥር ከኋላዋ ሰው እንዳለ ይሰማት ነበር። ስትጋደም እሱም ከሥሯ ተጋድሟል። ተነሥታ ጉልበቶቿን ስታቅፍ እሱም ተቀምጦ በእጆቹ እንዳቀፋት ተናገረች፤ ስሜቱም ደስ የማይል ነበር። የምታነብበት ካርድ ሲሰጣት ደግሞ ካርዱን ሊወስድባት እንደሚፈልግ፣ እንድታነብም እንደማይወድ ገለጸች። ንዝረቱ ሲቆም ሰውየው ጠፋ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ያ እንግዳ የእሷን አቀማመጥ አንድ በአንድ መከተሉ ነው፤ የራሷ ሰውነት ካርታ ከቦታው ተንሸራትቶ እንደ ሌላ ሰው ተሰምቷታል ማለት ነው። የሚገርመው እሷ ግን መመሳሰሉን እያየችም እንኳ ሰውየው እሷ ራሷ መሆኑ አልታያትም። በዱካክ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር እየተከናወነ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ገና መላምት ነው፤ ቢሆንም አንጎል «ሌላ ሰው» ሊፈጥር እንደሚችል፣ ለሰውየውም ሐሳብና ክፋት ሊሰጠው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ አላውቅም። በዚህ ላይ በሬም ጊዜ አሚግዳላ የተባለው ከፍርሃት ጋር የተሳሰረ የአንጎል ክፍል ንቁ መሆኑን ስንጨምርበት፣ እንግዳው ወዳጅ ሳይሆን ጠላት ሆኖ መምጣቱ ብዙ አያስደንቅም።

ይህ ስንቱን ሰው ያጋጥመዋል? እ.ኤ.አ. በ2011 ብራያን ሻርፕለስ እና ዣክ ባርበር 35 ጥናቶችን አሰባስበው ከ36,000 በላይ ሰዎችን የሚመለከት ውጤት አቅርበዋል። በሕይወት ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ከአጠቃላዩ ሕዝብ 7.6 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በተማሪዎች ዘንድ ቁጥሩ 28.3 በመቶ፣ በአእምሮ ሕክምና ክትትል ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ደግሞ 31.9 በመቶ ነው። ተማሪ ከሌላው ሰው በአራት እጥፍ ገደማ ለምን እንደሚበልጥ ለማወቅ የፈተና ሰሞን አዳሩን ማስታወስ ይበቃል፤ ማምሸት፣ በጠዋት መነሣት፣ የጎደለውን በቀን እንቅልፍ መካስ፣ ጭንቀት። በእንግሊዝ አገር በመንትዮችና በወንድም እኅቶቻቸው ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ግማሽ ያህሉ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። «በቤታችን ዱካክ አለ» የሚሉ ቤተሰቦች ቢኖሩ እንግዲህ ያስተዋሉት ነገር ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የሚተላለፈው ግን በቤቱ ሳይሆን በደሙ ነው።

የእንቅልፍ መቆራረጥ ምክንያት መሆኑ ከግምት ያለፈ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሙከራ 16 ፈቃደኛ ሰዎችን ሌሊት በተመረጠ ሰዓት እየቀሰቀሰ ለ60 ደቂቃ ካቆየ በኋላ እንደገና እንዲተኙ አደረገ። ብዙዎቹ እንደ ወትሮው በዝግታ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሬም እንቅልፍ ገቡ፤ በዚህም መንገድ ስድስት ጊዜ የእንቅልፍ ሽባነት በላቦራቶሪ ውስጥ እንዲከሰት ማድረግ ተቻለ። ጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ነቅቶ ተመልሶ ሲተኛ የሬም በር ከመግቢያው ላይ ይጠብቀዋል ማለት ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ ሕፃን የሚያስነሣት እናት፣ ሌሊት ነቅቶ ስልኩን ሲያይ ቆይቶ የሚተኛ ሰው ይህንኑ ሙከራ በየቤቱ ሳያውቀው እየደገመው ነው። ሬም የሌሊቱን አንድ አራተኛ የሚጠጋ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም አብዛኛው የሚገኘው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ስለዚህ ማንቂያውን አጥፍቶ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ መመለስም በተመሳሳይ ደጃፍ ላይ መቆም ነው። በጀርባ መተኛትም ክስተቱን እንደሚያበዛ ተደጋግሞ ተዘግቧል።

ከእንቅልፍ ስንነቃ የሚገጥሙን ሌሎች እንግዳ ስሜቶችም የዱካክ ዘመዶች ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሞሪስ ኦሃዮን የተመራ ጥናት ከ4,972 የብሪታንያ ነዋሪዎች መካከል 37 በመቶው እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል፣ 12.5 በመቶው ደግሞ ሲነቁ የሌለ ነገር እንደሚያዩ፣ እንደሚሰሙ ወይም እንደሚሰማቸው መናገራቸውን መዝግቧል። ስማቸው ሲጠራ ሰምተው ብንን የሚሉ ሰዎች በዚህ ውስጥ ናቸው። በጭንቅላታቸው ውስጥ ጥይት የተተኮሰ፣ በር የተወረወረ የሚመስል ኃይለኛ ድምፅ የሚሰሙም አሉ፤ ሕመም የለውም፣ በሴኮንዶች ውስጥ ያልፋል፣ ሐኪሞችም «የሚፈነዳ ጭንቅላት» የሚል ስም ሰጥተውታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት ባይገባኝም ታማሚን ለማረጋጋት እንዳልታሰበ ግልጽ ነው። ነቅቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ ሊወጣ ሲል እንደገና የሚነቃ፣ ማለትም መንቃቱን ራሱን በሕልሙ ያየ ሰውም ብዙ ነው። ሌላው ከእንቅልፍ በኋላ የሚቆይ መደንዘዝ ሲሆን፣ ለ15 ወይም ለ30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማሰብንና ውሳኔን ያጎትታል።

አንዱን ግን ከእነዚህ ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ክንዱ ላይ ተኝቶ የነቃ ሰው እጁ የሌላ ሰው ሥጋ መስሎት በሌላኛው እጁ አንሥቶ ያስቀምጠዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ውርር እያደረገ ይመለስለታል። ይህ ከሬም ጋር ግንኙነት የለውም፤ ነርቩ ተጭኖ መልእክት መቋረጡ ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ዱካክ መላ ሰውነትን ይይዛል፣ ሲለቅቅም በአንድ ጊዜ ይለቅቃል፤ የተጫነ ነርቭ ግን አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ብቻ ያደነዝዛል። በአንጻሩ አንድ ወገን በድንገት ዝሎ የማይመለስ ከሆነ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ ይህ ስለ ዱካክ የሚወራበት ሰዓት ሳይሆን በአስቸኳይ ወደ ሐኪም የሚኬድበት ነው፤ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ ሊሆን ይችላልና።

አሁን ወደ «ማን» እንመለስ። ሰው ለዚህ ክስተት ባለቤት ያልፈለገበት ዘመን የለም። በካናዳ የኒውፋውንድላንድ ደሴት ሰዎች አሮጊቷ ጠንቋይ ደረታቸው ላይ እንደተቀመጠች ይናገራሉ፤ ጃፓናውያን «ካናሺባሪ» ሲሉ በብረት መታሰርን ማለታቸው ነው፤ እንግሊዞች ዛሬ ለቅዠት የሚጠቀሙበት ቃልም በጥንት ፍቺው ሌሊት መጥታ የተኛን ሰው የምትጫን መንፈስን ያመለክት ነበር። ደች ሐኪም የነበረው ኢስብራንት ቫን ዲመርብሩክ እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ አንዲት የ50 ዓመት ጤናማ ሴት ጽፎ ነበር። ሴትዮዋ ሌሊት አንዳንዴ ሰይጣን፣ አንዳንዴ ትልቅ ውሻ፣ አንዳንዴም ሌባ ደረቷ ላይ ተኝቶ እንደሚያፍናት፣ ልትወረውረው ስትሞክርም አካሏ እንደማይታዘዛት ነገረችው። ሰይጣኑ፣ ውሻውና ሌባው ሲቀያየሩ ክብደቱ ግን አንድ መሆኑን አስተውሉ። ክብደቱን የሚያቀርበው ሰውነት ነው፤ ፊቱን የምንስልለት እኛ ነን።

የምንስለው ፊት ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለውን ባላንድ ጃላል እና ዴቨን ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ግብፃውያንንና ዴንማርካውያንን በማወዳደር ፈትሸውታል። ክስተቱን ከጂኒ ጋር የሚያያይዙት ብዙ በሆኑበት በግብፅ ሰዎቹ ይበልጥ ይፈሩ ነበር፤ ሽባነቱ እንደሚረዝምባቸው ተናገሩ፤ በዚያው እሞታለሁ የሚለውም ስጋት በእነሱ ዘንድ ከፍ ያለ ነበር። በሁለት አገሮች መካከል ያለው ልዩነት የእምነት ብቻ ስላልሆነ ይህ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም። ሆኖም ተመራማሪዎቹ የሚያቀርቡት አዙሪት ምክንያታዊ ነው፤ የፈራ ሰው እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ ሽባነትን ይጠራል፣ ሽባነቱ ፍርሃቱን ያጸድቃል።

በአሁኑ ጊዜ ይህን አዙሪት የሚያሽከረክረው የቆየ ተረት ብቻ አይደለም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደንግጦ የነቃ ወጣት ስልኩን አንሥቶ ሲጠይቅ ከሚያገኘው መልስ ውስጥ ብዙው በጨለማ ሙዚቃ የታጀበ፣ ጥቁር ጥላና ቀይ ዓይን የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። ምስሉ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ለሚቀጥለው ክስተት ፊት ያዘጋጅለታል፣ ብርሃኑና ድንጋጤው ደግሞ እንቅልፉን ያዘገይበታል። በሌላ በኩል «ምንም አይደለም፣ ተራ ነገር ነው» ብሎ የሚያሰናብት መልስም ከዚህ ብዙ የተሻለ አይመስለኝም፤ ያየውን እንዳላየ የተነገረው ሰው የሚያምነው ሰው ፍለጋ ወደዚያው ምስል ይመለሳልና። በእምነቱ ጸሎት የሚያደርግ ሰው ጸሎቱ ካረጋጋው የሚነቀፍበት ምክንያት አላይም። የሚያስፈራኝ ክስተቱ የእርግማን ወይም የኃጢአት ምልክት ተደርጎ ለተጎጂው ሲነገረው ነው፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ሁለት ሸክም ይዞ ይተኛል።

«ዱካክ ይገድላል?» የሚለው ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። ይህን ፍርሃት ለማጽናት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከላኦስ ወደ አሜሪካ በተሰደዱ የህሞንግ ብሔረሰብ ወንዶች ላይ የደረሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላት ጤነኛ ይመስሉ የነበሩ ሰዎች በእንቅልፍ ላይ እያሉ በድንገት እንደሞቱ ዘግበው ነበር። በኋላ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ተመሳሳይ አሟሟት የታየባቸው ሰዎች ሲመረመሩ ችግሩ ከልብ ምት ጋር የተያያዘና ብሩጋዳ ከሚባለው የዘር በሽታ ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ እዚያ የተገኘው ገዳይ የልብ ኤሌክትሪክ መዛባት ነው። የእንቅልፍ ሽባነት በራሱ ከጥቂት ሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነት በእንቅልፍ የሞተ ሰው ያለበት ግን ልቡን ቢታይ ይገባዋል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልግባቸው ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ። ሽባነቱ ሲመላለስ፣ በዚያ ላይ ሰውየው በቂ ተኝቶ ሳለ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ፣ ሲስቅ ወይም ሲደነግጥ ደግሞ ጉልበቱ የሚከዳው ከሆነ፣ ናርኮሌፕሲ የተባለው በሽታ መጠርጠር አለበት፤ በብዙዎቹ ታማሚዎች ዘንድ ሃይፖክሬቲን የተባለውን ንቃትን የሚያጸና ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት ሞተው ይገኛሉ። በጣም የሚያንኮራፋና ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚነቃ ሰው የእንቅልፍ አፕኒያ ይኖርበት ይሆናል፤ የሱ መታፈን ከዱካክ በተለየ በእርግጥ አየር ማጣት ነው። በተቃራኒው ሬም ላይ እያለ የማይታሰር፣ ሕልሙን እየተራገጠና እየተማታ የሚኖር ሰው ከዡቬ ድመቶች ጋር የሚመሳሰል ችግር አለበት። ካርሎስ ሼንክ እና ማርክ ማሆዋልድ እ.ኤ.አ. በ1986 የገለጹት ይህ ሁኔታ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ሲታይ የፓርኪንሰን በሽታ ቀዳሚ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ችላ አይባልም።

ለቀሪው ሰው ሕክምናው በአብዛኛው እንቅልፍን ማስተካከል ነው፤ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ በጎን መተኛት፣ የተጠራቀመ የእንቅልፍ ዕዳ ካለ መክፈል። ክስተቱ እጅግ ለሚያሠቃያቸው ሐኪሞች ሬም እንቅልፍን የሚቀንሱ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችን የሚያዝዙበት ጊዜ አለ። በዚያች ሰዓት ምን ይደረግ በሚለው ላይ ግን ምክሮቹ ይጋጫሉ። ብዙዎች ሙሉ አካልን ለማንሣት ከመታገል ይልቅ አንዲት የእግር ጣት ላይ አተኩሮ እሷን ማንቀሳቀስ እንደሚረዳ ይናገራሉ። ጃላል በበኩሉ ጨርሶ አለመታገልን ይመክራል፤ ዓይን ጨፍኖ፣ ይህ የሚያልፍ የሰውነት ሁኔታ መሆኑን ለራስ ነግሮ፣ ሐሳብን በሚወዱት ሰው ወይም ነገር ላይ አሳርፎ ጡንቻን ማላላት። ይህን ዘዴ በናርኮሌፕሲ ታማሚዎች ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት ክስተቱ የሚደርስባቸው ቀናት መቀነሳቸውን ቢዘግብም የተሳተፉት 10 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ብዙ ሊጫንበት አይገባም። እኔ በሁለቱ ምክሮች መካከል የሚታየውን ያህል ጠብ አላይም፤ ሁለቱም ደረትን ለመንፋትና ለመጮኽ የሚደረገውን ግብግብ የሚያስቀሩ ናቸው፣ መታፈኑን የሚያብሰውም ያ ግብግብ ነው። ሁለቱም ጎራዎች ሳይስማሙ የማይቀሩበት አንድ ነገር፣ እንደተለቀቁ ወዲያው በዚያው ጎን፣ በዚያው አቀማመጥ መመለስ ጥሩ አለመሆኑ ነው፤ ሬሙ ገና ደጃፍ ላይ ነውና ተመልሶ ይይዛል።

ከጥቂት ወራት በፊት ሊነጋጋ ሲል እንደገና መጣብኝ። እጄ ታሰረ፣ ደረቴ ከበደ፣ ከዚያም አንድ ሰው በእርጋታ ደረጃ ሲወጣ ኮቴው ተሰማኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፍርሃቱ እንደ ፊቱ ክው አደረገኝ። የምኖርበት ቤት ግን ደረጃ የለውም። ይህን እያሰብኩ ዓይኔን ጨፍኜ ኮቴውን ስቆጥር ዘጠኝ ላይ ስደርስ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ተነሥቼ መብራት አበራሁ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ጥቂት ቆሜ ቆየሁና በጎኔ ተኛሁ።